ለሲኤንሲ ማሽኔ የትኛው ኬብል፣ የትኛው ማገናኛ?

ሰላም ወገኖች። እንጨት የሚቀርጽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ) ማሽን ቤቴ እየሠራሁ ነው። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። ሞተሮቹ ኔማ 23 ስቴፐር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞሩ) ናቸው፤ 36 ቮልት፣ 4 አምፒር። ለቤት መስመር የሚዘረጋው ደረቅ ሽቦ ከማሽኑ ጋር ሲተጣጠፍ መሰበሩ አይቀርም። ባለ ብዙ ክሩ 0.75 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ለ5 ሜትር ይበቃል ወይስ 1 ካሬ ልግዛ?

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ የሊሚት ስዊቹ (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚያስቆመው ስዊች) መስመር ነው። ኢንቨርተሩ (የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) ሲያስነሳ ማሽኑ ስዊቹን ሳይነካ ቀጥ ይላል። ሺልድ (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው ኬብል ላስገባ ነው። ሺልዱን በሳጥኑ በኩል ብቻ ግራውንድ ባደርገው ይሻላል?

ለማገናኛ ጂኤክስ16 (በጥርስ የሚጠብቀውን ክብ ማገናኛ) አስቤያለሁ። በንዝረት ይላላ ይሆን? ሞተሩ እየሠራ ከተነቀለ ድራይቨሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ሊቃጠል ይችላል፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።