100 ካሬ ግቢ ላይ ሰርዶ ወይስ ማሽላ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የሰፈር ሰዎች። ሳቢያን ውስጥ ባለ ግቢ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ባዶ መሬት አለ። አፈሩ አሸዋ የበዛበትና ነጣ ያለ ነው፤ ውሃ በበጋ በፈረቃ ነው። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ሰርዶ ይተከል ይላል፣ ግማሹ ለክረምቱ ማሽላ ይዘራበት ይላል። ሁለቱም የሣር ዘር ከሆኑ ሰርዶ በየሳምንቱ እየታጨደ ሲኖር ማሽላ ለምን ሲቆረጥ ይበላሻል? ውሃ የሚፈጀውስ የቱ ነው? በየተራ ማድረግ ከተቻለ የቱ ይቅደም? ሁለት ፍየሎችም አሉ፣ መኖ ቢተርፍ ደስ ይለናል።

አግሮኖሚ ሐረማያ፦
አቦ ሰላም። ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፣ ሌላውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ስለሆነ። ማሽላ ይቅደም፣ ሰርዶ ይከተል። በተቃራኒው እንዳታደርገው።

ማሽላን ክረምት ላይ ዘርተህ፣ ጥቅምት ላይ አጭደህ፣ ጉቶውን ነቅለህ ትገላገላለህ። ሰርዶ ግን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። መሬት ላይ ከሚሳበው ሐረግ ሌላ ከአፈር በታች የሚሄድ ነጭ ግንድ አለው፤ ከእያንዳንዱ አንጓ ታች ሥር፣ ላይ ቡቃያ ያወጣል። በአካፋ ስትቆራርጠው አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። ሰርዶ ባለበት ማሳ ላይ ማሽላ ዘርቶ በመኮትኮት ብቻ ያሸነፈ የለም።

ስለ መቆረጡ፦ የሁለቱም ቅጠል የሚረዝመው ከጫፉ ሳይሆን ከታች ነው። ልዩነቱ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት የማደጊያ ነጥብ የት ነው የሚለው ላይ ነው። ሰርዶ አጭር ሆኖ እየታጨደ ሲያዝ ይህ ነጥብ ከመሬቱ ጋር ተለጥፎ ይቀራል፣ ማጨጃው አይደርስበትም። ማሽላም በመጀመሪያው ወር እንደዚያው ነው፤ ከ5 እስከ 7 ቅጠል እያለ ፍየል ብትቀነጥበው መልሶ ያወጣል። ከአንድ ወር በኋላ ግን አገዳው መርዘም ይጀምርና ነጥቡን ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፤ እህል የሚይዘው ራሱም እዚያው ውስጥ መሠራት ይጀምራል። ማየት ከፈለግህ የአርባ ቀን ተክል ነቅለህ አገዳውን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀው። ከአንጓዎቹ በላይ የክብሪት ጭንቅላት የምታህል ነጣ ያለች ጫፍ ታገኛለህ። ከዚያች በታች ከቆረጥክ የዚያን አገዳ እህል ቆረጥክ ማለት ነው።

ውሃን በቁጥር እንየው። 1 ሚሊሜትር ውሃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ የምትፈልገው ሰርዶ በድሬ ሙቀት በቀን 5 ሚሊሜትር ገደማ ይጠጣል። ለ100 ካሬ 500 ሊትር ነው፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ጀሪካን በየቀኑ። ማሽላ ከዘር እስከ አጨዳ በጠቅላላው ከ450 እስከ 600 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ ከፊሉን የክረምቱ ዝናብ ይሸፍነዋል። አንተ የምትሞላው ጉድለቱን ብቻ ነው። ውሃህ ጥቂት ከሆነ ራሱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ፍሬው ወተት እስኪይዝ ድረስ ላለው ጊዜ ቆጥበው፤ እዚያ ላይ የተጠማ ማሽላ በኋላ ቢጠጣም አይክስም። ቅጠሉ ቀትር ላይ ተጠቅልሎ ማታ ከተዘረጋ አትደንግጥ። ጠዋትም ተጠቅልሎ ካገኘኸው ግን የዚያኑ ቀን አጠጣ።

ከዚራ 04፦
በውሃው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርዶ በበጋ ውሃ ቢያጣ ቡኒ ይሆናል እንጂ ወዲያው አይሞትም፣ የምድር ውስጡ ግንድ ይጠብቃል። በልግ ሲመጣ ይመለሳል። ስለዚህ በጀሪካን አረንጓዴ ለማቆየት ከመጨነቅ ከጥር እስከ መጋቢት እንዲያርፍ መተው ይሻላል፤ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነፍሱን ያቆይለታል። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት ከሁሉ የከፋው ነው፣ ሥሩ ወደ ላይ ይመጣና አንድ ሳምንት ፈረቃ ሲዘል ያልቃል።

ደግሞም ማሽላ ከታጨደ በኋላ ጉቶው ካልተነቀለ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ድሬ ውርጭ ስለሌለ እርጥበት ካገኘ መልሶ ራስ ሊይዝ ይችላል። «አንዴ ተቆረጠ አለቀለት» የሚባለው ለዋናው አገዳ ነው።

አግሮኖሚ ሐረማያ፦
ልክ ነህ። ለፍየሎቹ አደጋ ያለው ደግሞ እዚሁ ማቆጥቆጡ ላይ ስለሆነ በደንብ ይነበብ። ለጋ ማሽላ ውስጥ ሲኘክ ወደ ሳያናይድ የሚለወጥ ነገር አለ። በጣም የሚበዛው በትንንሹ ቡቃያ፣ ከጉቶ በሚያቆጠቁጠው፣ እንዲሁም ድርቅ አጠውልጎት ዝናብ ሲያገኝ በሚወጣው አዲስ ቅጠል ላይ ነው። ፍየል ባዶ ሆዷን ገብታ ከጠገበችበት በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች። ቢያንስ 75 ሳንቲሜትር ሳይደርስ እርጥቡን አትስጥ። ስታሳሳው የምትነቅለውን ችግኝም ቢሆን በደንብ በፀሐይ አድርቀህ፣ ከሌላ ድርቆሽ ጋር ቀላቅለህ እንጂ ብቻውን አይሆንም። ከአጨዳ በኋላ ያለው የደረቀ አገዳ ግን ጥሩ መኖ ነው። ሰርዶ እዚህ ላይ ይበልጣል፤ የታጨደውን በዚያው ቀን ልትሰጥ ትችላለህ፣ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ካልተረጨበት።

ጀጎል ዳር፦
ከሐረር ለሚያነቡ፦ የድሬው ምክር እንዳለ አይሠራም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ነች፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የሰርዶ እድገት ይቀንሳል፤ ለግቢ ኪኩዩ ሣር የተሻለ ነው፣ ውሃ ግን ይወዳል። ማሽላውም እዚህ በበልግ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚታጨደው ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ከሰው ቁመት ብዙ ያልፋል፣ ለጠባብ ግቢ አይመችም። ግንብ ጥላ የሚጥልበት ቦታ ከሆነ ሁለቱንም እርሱት፤ ሰርዶም ማሽላም ጥላ አይችሉም።

የሳቢያን ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ተስማምተናል፤ ማሽላ ይቅደም። የዘር መጠኑና አዘራሩ፣ ከዚያም ወደ ሰርዶ ሽግግሩ እንዴት ይሁን?

አግሮኖሚ ሐረማያ፦
ለ100 ካሬ ከ100 እስከ 120 ግራም ዘር ይበቃል። ቶሎ የሚደርስ ምረጥ፤ ተሻለ ወይም መልካም የሚባሉት ለቆላ የተለቀቁ ናቸው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ዝራ። በመስመር መካከል 75 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5። ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም፣ ላይ ላዩን ከሆነ ጉንዳንና ወፍ ይለቅሙታል። ሁለት ሳምንት ሲሞላው በተክል መካከል 20 ሳንቲሜትር አድርገህ አሳሳ። ማሳሳት ብዙ ሰው ያሳዝነዋል፣ ግን ተጨናንቆ የቀረ ማሽላ አገዳው ቀጭን፣ ራሱ ጭራሮ ይሆናል።

ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 1 ኪሎ ስትዘራ፣ ዩሪያ ግማሽ ኪሎ ጉልበት ሲደርስ። ዩሪያውን ከተክሉ አንድ እጅ ርቀት ላይ ቦይ አውጥተህ አልብሰው። በዚህ ሙቀትና በነጭ አፈር ላይ ሜዳ ላይ ከተበተነ አሞኒያ ሆኖ ይተንናል።

ነጭ አፈር ካልከው ሌላም ችግር ጠብቅ። ላይኛው አዲስ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ከነጣ የብረት እጥረት ነው፤ ዩሪያ ብትጨምር አይድንም። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ኖራ ያለው አፈር ስለያዘው ነው ሥሩ የማያገኘው። ፌረስ ሰልፌት (የብረት ጨው) 20 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ሟሙቶ አመሻሽ ላይ ቅጠሉ ላይ ይረጫል፣ ከ10 ቀን በኋላ ይደገማል። ቢጫነቱ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ ግን ያኔ የናይትሮጅን ነው።

ከተማ ውስጥ ዋናው ጠላት ወፍ ነው። በዙሪያው ሌላ ማሽላ ስለሌለ የሰፈሩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ፍሬው ወተት መያዝ ሲጀምር እያንዳንዱን ራስ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍነህ ከሥሩ እሰር። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ለመድረሱ ምልክቱ ከራሱ የታችኛው ክፍል አንድ ፍሬ ፈልቅቀህ መቀመጫዋን ማየት ነው፤ ጥቁር ነጥብ ካለ ደርሷል። በደንብ ከተያዘ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይጠበቃል።

ከዚራ 04፦
ሽግግሩን እኔ ልቀጥል። የማሽላውን ጉቶ ከነሥሩ ንቀል፣ አትቅበረው። የሚበሰብስ ሥር ናይትሮጅኑን ይዞ ስለሚቆይ አዲሱ ሣር ይገረጣል፣ ከማሽላ ሥር የሚወጣው ነገርም ሌላ ቡቃያ ያቀጭጫል። 5 ሳንቲሜትር ያህል የበሰለ ኮምፖስት አልብሰህ ቆፍር፣ በልግን ጠብቅ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የሰርዶውን ሐረግ ሦስት አራት አንጓ እያደረግህ ቁረጥ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር እያራራቅህ ሁለቱ አንጓ ከአፈር በታች፣ ጫፉ ከላይ ሆኖ ይተከል። ሙሉ በሙሉ መቅበር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከተነቀለ በኋላ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይሞታል፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ አቆየው። ከደቻቱ ዳር የሚለቀመው ነፃ ቢሆንም የፈረምሲሳ (ፓርቲኒየም አረም) ዘርና እንግጫ ይዞ ይመጣል፤ ንጹሕ ግቢ ካለው ሰው መለመን ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አፈሩ አይድረቅ፣ ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ። ከሁለት ወር እስከ ሁለት ወር ተኩል ይሸፍናል።

ማጨጃውን 3 ሳንቲሜትር ላይ አድርገው፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትውሰድ። ረዝሞ ቆይቶ ከተላጨ ቡኒው ግንድ ብቻ ይቀርና ለሳምንታት አስቀያሚ ይሆናል። በዝናብ ወራት በወር 1 ኪሎ ዩሪያ ለ100 ካሬው በቂ ነው፤ ቅጠሉ ደረቅ እያለ ተበትኖ ወዲያው ይጠጣ፣ አለበለዚያ ያቃጥለዋል።

ከመትከልህ በፊት ግን በጎረቤት በኩል እና ጎመን በምትተክልበት በኩል 30 ሳንቲሜትር ቦይ ቆፍረህ ቆርቆሮ አቁምበት፣ አምስት ሳንቲሜትር ከመሬት በላይ ይውጣ። በላዩ የሚሻገረውን ሐረግ በየወሩ በማጭድ ቁረጠው።