የአያታችንን የውሃ ወፍጮ አድሶ ለእንግዳ ማረፊያና ለመንደሩ መሰብሰቢያ ማዋል

ጥያቄ፦ ከ«ዘአንኮበር»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ በእግር ወረድ ብሎ፣ አያታችን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ያሠሩት የውሃ ወፍጮ ቤት ይገኛል። ግድግዳው በጥርብ ድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከግማሽ በላይ ወልቋል፤ ውሃ የሚያመጣው ቦይ በደለል ተሞልቷል፤ ከታች የሚዞረው የእንጨት መዘውርም የለም። ሁለቱ የወፍጮ ድንጋዮች ግን አንዱ ባንዱ ላይ እንደተቀመጡ ዛሬም አሉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ወፍጮው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ተዛወረ፤ ማኅበሩም የናፍጣ ወፍጮ መንደሩ እስኪገባ ድረስ ሲያስፈጭበት ቆይቶ ተወው።

እኔ አዲስ አበባ እኖራለሁ፤ ወንድምና እህቴ ውጭ አገር ናቸው። ሦስታችን ገንዘብ አዋጥተን ቤቱን ለማደስ፣ ከውስጡ ለእረፍት ለሚመጡ እንግዶች ሁለት መኝታ ክፍል ለማውጣት፣ ከጎኑ ደግሞ የመንደሩ ሰው እድር የሚቀመጥበትና ልጆች የሚያነቡበት አንድ አዳራሽ ለመሥራት አስበናል። ያነጋገርኩት ሥራ ተቋራጭ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ፣ ወለሉን በኮንክሪት ሞልቶ በሦስት ወር እንደሚያስረክበኝ ነግሮኛል። ከዚህ ሥራ ጋር የሚቀራረብ ልምድ ያላችሁ፣ ከምን መጀመር እንዳለብንና ከማን ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልገን ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከ«ጥርብ ድንጋይ»

እህቴ፣ በሙያዬ አሮጌ ሕንፃዎችን ስጠግን የኖርኩ ነኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምለው ሥራ ተቋራጩን አመስግነው እንዲያሰናብቱት ነው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በመገጣጠሚያው በኩል እያስወጣ ይደርቃል፤ ሲሚንቶ ሲለስኑት ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ጭቃው ይላላል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም ልስኑ ከነድንጋዩ ሆዱን ነፍቶ ይወድቃል። ይህ በእኛ አገር በትልቁ ታይቷል። በጎንደር የፋሲል ግቢ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት የተጠቀመ ስለነበር፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሡ በኖራ ለመተካት ተገደዋል። የእርስዎም ወፍጮ ቤት የሚፈልገው ኖራ ነው። ኖራው ከአሸዋ ጋር ከመደባለቁ በፊት በውሃ ተነክሮ በደንብ መብላላት አለበት፤ ጉድጓድ አስቆፍረው ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ያቆዩት። የሦስት ወሩን ቀጠሮ ይርሱት።

ከምን ልጀምር ላሉት፣ ከጣሪያው ይጀምሩ። ዘንድሮ ገንዘብ ባይኖርዎት እንኳ በባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ ጊዜያዊ ቆርቆሮ አልብሰው፣ በግድግዳው ዙሪያ ውሃ ማፋሰሻ አስቆፍረው ክረምቱን ያሳልፉት። ክፍት የሆነ የግድግዳ አናት በአንድ ክረምት የሚደርስበት ጉዳት ከአሥር ዓመት ቸልታ ይበልጣል። ከዚያ ምንም ነገር ሳይነካ ቤቱን ያስለኩ፣ በፎቶግራፍና በንድፍ ያስመዝግቡ፤ በተለይ ቦዩ ወደ ቁልቁለቱ የሚገባበትን ቦታና ውሃው መዘውሩን የሚመታበትን ማዕዘን፣ ምክንያቱም መዘውሩ ስለጠፋ መጠኑን የሚነግርዎት ሌላ ምስክር የለም። ደለሉ ሲጠረግ አሮጌ የእንጨት ስባሪ ቢገኝ ለማገዶ እንዳይወሰድ አደራ ይበሉ።

ስለ መኝታ ክፍሎቹ ግን ሐሳብዎን አልደግፍም። እንዲህ ያለ ወፍጮ ቤት ብዙ ጊዜ አራት ሜትር በአራት ሜትር ቢሆን ነው፤ ከወለሉ በታች ውሃ የሚያልፍበት ጉድጓድ አለ፤ ሁለት መኝታ ክፍል ሽንት ቤትና ገላ መታጠቢያ ሲጨመርበት የግድ ድንጋዮቹን ማንሣት፣ መስኮት መብሳት፣ ቧንቧ በግድግዳ ውስጥ ማስገባት ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀረው ቤት በወፍጮ ስም የሚጠራ ጠባብ ሆቴል ነው። መኝታውን ከወፍጮው ራቅ አድርገው፣ ከጎርፍ መስመሩ በላይ፣ በአካባቢው ድንጋይ ለብቻው ይሥሩት። ሌሊቱ ብርቱ ውርጭ ያለበት አገር ስለሆነ ግድግዳው ወፈር፣ መስኮቱ ጠበብ ይበል፤ ለአልጋውም የመንዝ ባና ይግዙ።

መልስ፦ ከ«ጠበቃው»

የሕጉን ጉዳይ በአጭሩ ላስቀምጥ። ወፍጮው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ምክንያት ከቤተሰባችሁ እጅ የወጣ ስለሆነ፣ ዛሬ «የአያታችን» መሆኑ በትዝታ እንጂ በሕግ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሊኖራችሁ የሚችለው የይዞታ ወይም የኪራይ መብትና በመሬቱ ላይ ለገነባችሁት ንብረት ባለቤትነት ነው። ስለዚህ ቦታው ዛሬ በማን ይዞታ እንደተመዘገበ፣ በቀበሌው ይሁን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም በአንድ ገበሬ ደብተር፣ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሳታረጋግጡና ውል ሳታስመዘግቡ አንድ ድንጋይ እንኳ እንዳታስነሡ። ለእርሻ የተመዘገበ መሬት ወደ ቱሪዝም አገልግሎት ሲዞርም የአጠቃቀም ለውጥ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ወፍጮ ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ወይም ሊመዘገብ የሚገባው ከሆነ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተፈጻሚ ይሆናል። አዋጁ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊገኝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ነገር ግን የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ማመልከቻ ማስገባት ይሻላል፤ ቅርስ አይደለም ቢሉ እንኳ ያንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ በእጅዎ ይኑር።

ስለ ውሃው ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት መልካም ዜና አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ያለፈቃድ ይፈቀዳሉ ካላቸው ጥቂት አገልግሎቶች መካከል ባህላዊ መስኖና የውሃ ወፍጮ ይገኙበታል። እህል ለመፍጨት ቦዩን ብትከፍቱ በዚህ ድንጋጌ ሥር ትሆናላችሁ፤ ወፍጮውን አቁማችሁ ውሃውን ለሎጅ መዝናኛ ኩሬ ብትገድቡት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መልስ፦ ከ«የደች ነዋሪ»

ኔዘርላንድ ከገባሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል፤ እዚህ አገር ወፍጮ ማቆየት እንደ አገር ጉዳይ ስለሚታይ የማውቀውን ላካፍላችሁ። በኪንደርዳይክ አሥራ ዘጠኝ የነፋስ መዘውሮች አሉ፤ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ቤተሰብ ይኖርባቸዋል፤ ነገር ግን ነዋሪው መዘውሩን የሚያዞርና የሚንከባከብ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ደግሞ በፈቃደኝነት ወፍጮ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ማኅበር አለ፤ ሰልጥነው፣ ፈተና አልፈው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መዘውር ያዞራሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ የሙያተኞቹን እውቀት ነው። እዚህ ያሉ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚሉት፣ የሚዞር መዘውር ከቆመው ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ነው፤ ሲዞር እንጨቱ በእኩል ይረጥባል፣ ብልሽቱም ገና ትንሽ ሳለ ይታያል። ስለዚህ «ጥርብ ድንጋይ» ያሉትን አንድ እርምጃ ወደፊት ልውሰደውና፣ ወፍጮው እንደ ኤግዚቢሽን ቆሞ እንግዳ ፎቶ የሚነሣበት ከሚሆን በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት እንኳ ቢፈጭ ይሻላል እላለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ የእንግሊዙ ላንድማርክ ትረስት የሚሄድበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሥርቶ ሊፈርሱ የደረሱ ታሪካዊ ሕንፃዎችን እያደሰ ለእረፍት ያከራያል። የማደሻውን ወጪ የሚሸፍነው በዋነኛነት በእርዳታና በመዋጮ ሲሆን፣ ከእንግዶች የሚገኘው ኪራይ ለጥገናና ለእለት ወጪ ይውላል። እናንተም የምታዋጡትን ገንዘብ ከሁለት ክፍል ኪራይ አስመልሳለሁ ብላችሁ አታስሉት፤ አይመለስም። ኪራዩ ጠባቂውንና ኖራውን ከቻለ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ጉልበቱ ትንሽ ስሌት ልጨምር። በሴኮንድ 40 ሊትር ውሃ ከአምስት ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ በወራጁ ውሃ ውስጥ ያለው ጉልበት ወደ ሁለት ኪሎ ዋት ይጠጋል። ባህላዊው አግድም የሚዞር የእንጨት መዘውር ከዚህ ሩቡን ወይም ሲሶውን ቢጠቀም ነው፤ ያም ወደ ግማሽ ኪሎ ዋት መሆኑ ነው። ለቀስታ መፍጫ ይበቃል እንጂ ከናፍጣ ወፍጮ ጋር አይወዳደርም። በቦዩ ላይ ለብቻው ትንሽ ተርባይን ቢተከል ግን ከአንድ ኪሎ ዋት በላይ ማግኘት ስለሚቻል፣ ለአዳራሹ መብራትና ለስልክ መሙያ ይተርፋል።

መልስ፦ ከ«ልማት ጣቢያ»

በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ከላይ የተሰጡት ምክሮች ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ማንም ያላነሣው ትልቁ ጉዳይ ውሃው ዛሬ የማን እንደሆነ ነው። አያታችሁ ወፍጮውን ሲያሠሩ ከወንዙ ራስጌ በበጋ የሚያለማ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ሽንኩርት፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ብዙ ነው፤ ውሃውንም በተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት አሏቸው። ከጥር በኋላ ቦዩን ወደ ወፍጮ ልመልስ ብትሉ ጠቡ ከቱሪስት በፊት ይደርሳል። ስለዚህ ከወረዳው ቀድማችሁ የውሃ አባቱንና ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ፤ ወፍጮው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ብቻ እንደሚሠራ፣ ከመዘውሩ በታች የሚወጣው ውሃም ሳይባክን ወደ መስኖው ቦይ እንደሚመለስ ተስማሙ። ሕጉ ፈቃድ አይጠይቅም ማለት ጎረቤት አይጠየቅም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር አዳራሹ ነው። እናንተ «ለመንደሩ እንሠራለን» ብላችኋል፤ መንደሩ ጠይቋችሁ ነው ወይ? ቁልፉን ማን ይይዛል፣ ቆርቆሮ ቢነሣ ማን ይሠራል፣ ከእንግዳው ኪራይ ለእድሩ ስንት ይገባል የሚለው ከመሠረት ድንጋዩ በፊት በቃለ ጉባኤ ይስፈር። በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ የተጀመረውን የማኅበረሰብ ማረፊያ ብታዩት ደስ ይለኛል፤ በዚያ ጎጆዎቹን የሚያስተናግዱት የየአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ገቢውም ለማኅበሩ ይገባል። በሐረር ጀጎል ደግሞ ቤተሰቦች የአደሬ ቤታቸውን ሳይለውጡ እንግዳ ያሳድሩበታል። በሁለቱም ቦታ እንግዳው ሰው ቤት መጥቶ ነው የሚያድረው፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ የሚያዘው ማረፊያ እንደዚያ አይሆንም።

ስለ እንግዳው ብዛትም እውነቱን እንነጋገር። አንኮበር የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አላት፤ ጭላዳና በዚህ አካባቢ የሚታወቀውን የአንኮበር ሴሪን ወፍ ለማየት የሚመጡ የውጭ ሰዎችም ነበሩ። በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ይህ መንገድ በእጅጉ ተቀዛቅዟል። ለጊዜው ጣሪያውንና ቦዩን እያዳናችሁ፣ የመኝታውን ግንባታ ሰላሙ እስኪረጋ አቆዩት። ዋነኛ እንግዳችሁም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤተሰብና ለጥምቀት የሚመለሰው የአገር ልጅ ይሆናል ብላችሁ አስሉ።

በነገራችን ላይ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚሁ በአንኮበር አገር አንድ የውጭ ባለሙያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶላቸው ሕዝቡ የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ እንደሸሸው በተጓዦች መጻሕፍት ተጽፏል። የእናንተ መንደር ከዚያ ይሻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መልስ፦ ከ«ዘአንኮበር»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከወንድምና ከእህቴ ጋር ተነጋግረን መኝታውን ከወፍጮ ቤቱ ለማውጣትና ለጊዜው ጣሪያውን ብቻ ለማልበስ ተስማምተናል። የውሃ አባቱ የእናቴ ዘመድ ስለሆኑ ሽማግሌ መላኩ አያስቸግርም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ስለ ድንጋዮቹ ነው፦ ገጻቸው ለስልሷል፣ የላይኛውም ከአንድ ወገን ትንሽ ተሸርፏል። እነዚህን ጥሎ አዲስ ማስጠረብ ይሻላል ወይስ እንደገና ይሠራሉ?

መልስ፦ ከ«ጥርብ ድንጋይ»

እንዳይጥሏቸው። ሽርፋቱ ከጠርዝ ብቻ ከሆነና መካከሉን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ከሌለ ድንጋዩ ገና ብዙ ያገለግላል። ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ ድንጋዩን አንሥተው በእንጨት ላይ ካቆሙት በኋላ በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የለሰለሰው ገጽ መወቀር ብቻ ነው የሚፈልገው። በመንደሩ የእጅ ወፍጮ የሚወቅሩ እናቶችና አባቶች አይጠፉም፤ እነሱን ይጥሩ እንጂ ከከተማ ጠራቢ አያምጡ፣ ጠራቢው ያሳምረዋል እንጂ አይወቅረውም። ከታችኛው ድንጋይ ይጀምሩ፣ ውቅራቱ ከመካከል ወደ ዳር እየሳሳ ይሂድ፣ ዱቄቱ የሚወጣው በዚያ ነውና። የላይኛው ተመልሶ ሲቀመጥ በዘንጉ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ መዋሉን በእጅ እያዞሩ ያረጋግጡ፤ ባንድ ወገን ካዘነበለ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል። ከወቀራው በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ስለሚኖርበት አይበላም፤ ለዚያ የሚሆን ሁለት ቁና ያህል የተበላሸ ገብስ አስቀድመው ያዘጋጁ።