ልጅ ከወለድኩ ወዲህ መጸለይ አቃተኝ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ልጄ አምስት ወር ሞልቶታል። ዘመድ አጠገቤ የለም፤ ባለቤቴም የሌሊት ሥራ ነው የሚሠራው። በፊት ጸሎት የማላስታጉል ሰው ነበርኩ። አሁን መጽሐፉን ከፍቼ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ልጁ ያለቅሳል። ሲተኛ እኔም እንቅልፍ ይጥለኛል። ልጅ ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል ሲባል ነበር የሰማሁት፤ እኔ ግን እየራቅሁ ያለሁ ይመስለኛል። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ምላሽ

እህቴ፣ ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ።

የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ትልቁ 11 ዓመቱ ነው። ጽሑፍሽን ሳነብ የመጀመሪያው ዓመት ትዝ አለኝ። እኔም ያኔ ልጁ ከጸሎት የሚያስተጓጉለኝ ይመስለኝ ነበር። ሲያለቅስ እናደድ ነበር። የምናደደው ደግሞ እጸልያለሁ ብዬ ቆሜ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የቀኑ የጸሎት ጊዜያት 7 ናቸው። ጡት የሚጠባ ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እናቱን ይጠራል። ከእንቅልፍ ያስነሣል። ጎንበስ ያሰኛል። ራስን አስረስቶ ሌላውን ያስቀድማል። ገዳም የገቡ ሰዎች ስንት ዓመት የሚታገሉለትን ነገር አንቺ በየሌሊቱ ስታደርጊው ቆየሽ። እንዲህ ደክመሽ ሳለ ራቅሁ ማለትሽ አሳዘነኝ።

ሙስሊም ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ያጫወተኝን ልንገርሽ። ነቢዩ ሙሐመድ ሰው እያሰገዱ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ብለው ሶላቱን ያሳጥሩት ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ የልጄን ልቅሶ የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። ረጅሙ ጸሎት ይቆይ፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። ለአሁኑ እያጠባሽው «አቤቱ ማረኝ» ካልሽ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከወሊድ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ሆድ መባስና ማልቀስ በብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ ያልፋልም። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ፣ ምንም ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ለሐኪም ንገሪ። ሕክምና ያለው ሕመም ነው። የእምነት ማነስ አይደለም። «ጸልዪ ይለቅሻል» ብሎ ብቻ የሚያልፍሽን ሰው አትስሚ።

እኔ ዝቅ ማለትን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረኝም ያው ልጄ ነው።

9 ዓመቱ ነበር። ያኔ እዚህ ከገባን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። ከትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ጠሩኝ። አስተርጓሚ አልጠየቅሁም፤ ልጄ አለ ብዬ። መምህሯ ትናገራለች፣ እርሱ ይተረጉምልኛል። መሃል ላይ ዝም አለ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንበብ ላይ ከክፍሉ ልጆች ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የምትለው» አለኝ። ስለ ራሱ ነው የሚተረጉመው። «ጎበዝ ነው አለች» ቢለኝ በምን አውቃለሁ? አልዋሸኝም።

የመኪናውን በር እንደዘጋሁ ጮኽሁበት። ሰነፍ አልኩት። ለማን ብዬ ነው የምለፋው አልኩት። ቤት እስክንደርስ አላባራሁም። እርሱ በመስኮት ውጭውን ያያል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቀስ እያለ ገባኝ። ያናደደኝ የልጁ ንባብ አልነበረም። በቋንቋዬ ሰው ፊት ቆሜ የምናገር ሰው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የልጄን አፍ ስጠብቅ መዋሌ ነበር። እፍረቴን አንሥቼ የ9 ዓመት ልጅ ላይ ጫንኩት።

ሰነፍ ማለቴም ስሕተት ነበር። ጂም ከሚንስ የሚባል ካናዳ ውስጥ የሠራ ተመራማሪ የስደተኛ ልጆችን የቋንቋ ትምህርት አጥንቷል። የጨዋታና የመግባቢያ ቋንቋ በ2 ዓመት ገደማ ይመጣል፤ መጽሐፍ የሚነበብበትና ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ግን ከእኩዮች ጋር ለመድረስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እኛ ልጆቻችን እንደ አገሩ ሰው ሲያወሩ ሰምተን ሁሉም ያለቀ ይመስለናል። ልጄ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ሳይነጋ አልጋው አጠገብ ሄጄ ተንበረከክሁ። ሲነቃ «ትናንት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንተ እውነቱን ነገርከኝ፣ እኔ አፍሬ ጮኽሁብህ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

ለንስሐ አባቴ ስናገር ኖሬያለሁ። እዚያ «በደለኛ ነኝ» ብሎ በጅምላ ማለት ይቻላል። ልጅ ፊት ግን በደሉ ስም አለው። ቀን አለው። የተበደለውም ዓይን ዓይንሽን እያየ ነው።

ልጄ ምን አለኝ መሰለሽ? «አባ፣ እኔ እኮ በደንብ ስላልተረጎምኩ የተቆጣኸኝ መስሎኝ ነበር።»

አለቀስኩ።

ልጁን ይቅርታ የሚጠይቅ አባት ይናቃል የሚሉ አሉ። በእኛ ቤት እንዲህ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ሲያጠፋ ሳልጠይቀው መጥቶ ይነግረኛል። ደቀ መዛሙርቱ ማን ይበልጣል ባሉ ጊዜ ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ማቆሙን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የማየው ሕፃኑን፣ የዋህነቱን ነበር። አሁን የማየው ዙሪያውን የቆሙትን ትልልቅ ሰዎች ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ያልከው ልቅሶ እኔም ላይ አለ። ነገ ሐኪም ጋ እደውላለሁ። ለመሆኑ ልጅህ አሁንም ይተረጉምልሃል?

ምላሽ

ደውዪ እህቴ፤ እንዳታሳድሪው። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ባለቤቴ ከጎንሽ ትሆናለች። እርዳታ መጠየቅ ለእኔም ከብዶኝ ነበር።

ልጁን አሳርፌዋለሁ። ስብሰባ ሲኖር አስቀድሜ አስተርጓሚ እጠይቃለሁ። በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች በነፃ ያቀርባሉ፤ ካልጠየቁ ግን የሚነግር የለም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ጀምሬያለሁ። የቤት ሥራዬን የሚያርመው እርሱ ነው። ትናንት አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስጻፈኝ። ሦስተኛው ላይ «አሁን ልክ ነው አባ» አለኝ።