ሠራተኞቻችንን ከሐሰተኛ ኢሜይል እንዴት ላስጠንቅቅ?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አስመጪ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን ለሒሳብ ክፍላችን ከውጭ አገር አቅራቢያችን የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደረሰ፤ «የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያውን በአዲሱ ቁጥር ላኩልን» ይላል። አርማውም ፊርማውም ያው ነው። የላኪው አድራሻ ላይ ግን «ኤም» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል በ«አር» እና «ኤን» ተተክታለች፤ ሁለቱ ሲጠጋጉ ዓይን ያታልላሉ። ገንዘብ ያዧ ጠርጥራ ለአቅራቢው ባትደውል ኖሮ ገንዘቡ ሄዶ ነበር።

ሥልጠና ስሰጥ ግማሹ ያንቀላፋል። «አስቸኳይ» የሚል መልእክት ከአለቃ የመጣ ሲመስል ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? የሙከራ ሐሰተኛ ኢሜይል ልልክላቸው አስቤ፣ የተታለለው ሰው በባልደረቦቹ ፊት እንዳያፍር ሰጋሁ። ሠራተኛ ሳታስቀይሙ ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከምን ጀመራችሁ? በሐሰተኛ ኢሜይል ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) የተጫነ ሰው ሳይፈራ ወዲያው እንዲነግረኝስ ምን ላድርግ?