«ቻይው» ስትሉኝ ቀኑ እየተቆጠረ ነበር

የሌሊት ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ይውጣልኝ። የምሠራበትን ቤትም ሆነ የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ ባጄን አየና «ይሄን ማን ይጠራዋል?» ብሎ አንድ አጭር የፈረንጅ ስም ሰጠኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቆይቶ በርክክብ ሰዓት አነጋገሬን እያስመሰለ ማሾፍ ጀመረ። አሁንም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ልብስ ማጠቢያው በሚወስደው ኮሪደር ላይ ወገቤን ይዞ ማለፍ መጣ። «ይቅርታ፣ ጠባብ ነው» ይለኛል። ኮሪደሩ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ያሳልፋል። በየሌሊቱ አልጋ የምገፋበት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

የነገርኳቸው ሁሉ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። አክስቴ «ቻይው ልጄ፣ እንጀራሽ ነው» አለችኝ። ጓደኛዬ ዩኒፎርሜን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ እንድገዛ መከረችኝ። ገዛሁ፤ በእሱ እጅ ምክንያት እኔ ከኪሴ ከፈልኩ። የባለቤቴ ጓደኛ ደግሞ «ፈረንጅ ሲቀልድ እንዲህ ነው፣ ዘረኝነት ምናምን አታድርጊው» አለ። አንዳቸውም ክፉ አስበው አይደለም። ግን ያን ሁሉ ሲያጽናኑኝ «መቼ ነው የሆነው?» ያለኝ ሰው የለም።

መቼ እንደሆነ የጠየቀችኝ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ነገሩ የቀን ገደብ እንዳለው የነገረችኝም እሷው። ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቦታ ስልክ በወረቀት ጽፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

ስሄድ ደብተሬን ይዤ ነበር። ሲከፋኝ የምጽፍባት ትንሽ ደብተር አለችኝ፤ ለክስ ብዬ ሳይሆን እንዲወጣልኝ። ታዲያ በአማርኛ፣ በእኛ ቀን፣ በእኛ ሰዓት ነው። «ህዳር 3፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ደግሞ ያዘኝ» ይላል አንዱ ገጽ። አስተርጓሚው ቀኑን ኖቬምበር 12፣ ሰዓቱን በእነሱ ከሌሊቱ 2 ብሎ ለምክር ቦታው ጠበቃ ተረጎመላት። የሥራ ሰዓት መዝገቤ ሲታይ ግን በዚያ ሌሊት 2 ሰዓት ላይ እኔ እረፍት ነኝ። ደነገጥኩ። ውሸታም ልባል ነው አልኩ። ለካ የእነሱ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፣ የእኛ ሲነጋ። የኔ ህዳር 3 ሌሊት 8 ሰዓት በእነሱ ኖቬምበር 13 ሆኗል። ቁጭ ብለን ደብተሩን ሙሉ አስተካከልነው፣ 17 ቦታ።

የመጨረሻውን ስንቆጥር 271 ቀን ሆኖት ነበር። ገደቡ 300 ነው።

እንግዲህ የገባኝን ልንገራችሁ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛው ክፍል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በመጡበት አገር የተነሳ በሥራ ላይ የሚደርስን አድልዎ ይከለክላል። ትንኮሳም እዚያው ውስጥ ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ይይዛል። አቤቱታ የሚቀርበው ኢኢኦሲ ለሚባለው የፌዴራል ኮሚሽን ነው። ገንዘብ አያስከፍሉም፣ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። መነሻው ገደብ 180 ቀን ነው፤ የምትሠሩበት ቦታ የራሱ ሕግና የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ካለው 300 ይሆናል። ሜሪላንድም ዲሲም ቨርጂኒያም 300 ናቸው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ግን ተጠንቀቁ፤ እናንተ የመሥሪያ ቤታችሁን አማካሪ በ45 ቀን ውስጥ ማነጋገር አለባችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ለኤችአር፣ ማለትም ለመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ አስተዳደር፣ መናገር ቀኑን አያቆመውም። እኔ ኤችአር ከሰማ ክስ የተከፈተ ይመስለኝ ነበር። ከነገርኳቸው በኋላ ያገኘሁት በሳምንት ሁለት ሺፍት መቀነስ ነው። እሱም በቀል ይባላል፣ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ የራሱ ቀንም ይቆጠርለታል።

ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ድምፁን ልቀዳም አስቤ ነበር። እግዜር አተረፈኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ከሌለ የግል ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ የራሳችሁ ፈቃድ ብቻ ይበቃል። ድልድይ ስትሻገሩ ሕጉም ይቀየራል።

ጠበቃዋ ያጫወተችኝን ልጨምር። በ1974 እዚሁ ዲሲ ባንክ ቤት ሥራ የጀመረች ሚሼል ቪንሰን የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። በአለቃዋ ምክንያት ከሰሰች። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደመወዝ ባይቀነስም፣ የሥራ ቦታን ሲኦል የሚያደርግ ጾታዊ ትንኮሳ ራሱ አድልዎ ነው ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ያንን መንገድ ስሄድበት ማን እንደጠረገው አላውቅም ነበር።

ሹፌሩ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔም ለገዛ እህቴ «ቻይው» ብያት አውቃለሁ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደወልኩላት፣ አላነሳችም።

በአፕ የምንነዳ ሰዎችስ? ባለፈው አንዱ ገና ከመግባቱ «አሜሪካዊ ሹፌር የላቸውም?» ብሎ በሩን ደርግሞ ወረደ። አንድ ኮከብ ሰጠኝ። ለካምፓኒው ጻፍኩ፤ የመጣው መልስ ማሽን የጻፈው ነው።

የሌሊት ተረኛ፦

ያንንም ጠይቄያለሁ፣ ወንድሜ ስለሚነዳ። እንደ ተቋራጭ የሚቆጠር ሰው በ1964ቱ ሕግ አይሸፈንም። ግን በ1866 የወጣ፣ ዛሬም የሚሠራ ሌላ ሕግ አለ። በውል ላይ የዘር አድልዎ ይከለክላል፣ የሠራተኛ ብዛት አይጠይቅም፣ ለመክሰስም በአብዛኛው 4 ዓመት ይሰጣል። ጾታን ግን አይነካም። ለማንኛውም የተጻጻፍከውን ስክሪን ሾት አድርገህ አስቀምጠው። እህትህንም ደግመህ ደውልላት።

ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ፦

ልጄ፣ አዝኛለሁ። እኔ እዚህ አገር 40 ዓመት አልፎኛል። በ1988 ፖርትላንድ ውስጥ ሙሉጌታ ሥራው የሚባለውን ልጃችንን ስኪንሄድ የሚባሉ ዘረኛ ነጮች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ሲገድሉት፣ ከመሃላችን «አሜሪካዊ ጥቁር መስሏቸው ነው» ያለ ሰው ነበር። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር ለማለት ይመስል! በ1990 ቤተሰቡ በፍትሐ ብሔር ከሰው፣ ገዳዮቹን ያነሳሳውን ቶም ሜትዝገርን ጨምሮ በተከሳሾቹ ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ። ስለዚህ ክስን አልጠላም።

ነገር ግን ሁሉን ወደ ክስ አትውሰዱት እላለሁ። ስሜን ሲያበላሹ እዚያው አቆማቸዋለሁ። «አብረን እንበለው» እላለሁ። ሦስቴ አስብዬው ነው የምለቀው። የኔ ስም ደግሞ «ጸ» አለበት፣ አስቡት።

የሌሊት ተረኛ፦

ጋሼ፣ ይህን ምክር በመጀመሪያው ሳምንት ባገኘሁት። ስሙ ላይ ባልስቅ ኖሮ ወገቤ ላይ አይደርስም ነበር ብዬ ራሴን ስወቅስ ከርሜያለሁ። ጠበቃዋ ግን ተቆጣችኝ፤ «የሳቅሽው ሥራሽን ስለምትፈልጊ ነው» አለችኝ። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ሲያርሙ ሰውየው ያፍራል። እኔ ባርም የሚቀጥለውን ወር ሺፍት የሚያወጣው እሱ ነው።

ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ፦

ይሄስ እውነት ነው። ተረትቻለሁ።

ስሜ ይቆይ፦

የፈረንጁን ሰማን። የእኛስ ሰው ሲሆን? የምሠራው ሐበሻ ቤት ነው፣ ዘጠኝ ነን። ባለቤቱ ማታ ሒሳብ ስንዘጋ እጁ አያርፍም። ለሚስቱ ነገርኳት። በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌ ቤቴ መጣ። አንደኛው ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው። «ስሙ ይጠፋል፣ ልጆች አሉት» አሉኝ። እኔም እኮ ልጅ አለኝ! ቡና አፍልቼ ሸኘኋቸው። ምን ላድርግ?

ሌላም አለ። ወጥ ቤት ሳህን የሚያጥብ ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ አለ። ባለቤቱ በአማርኛ «ባሪያውን ጥሪው» ይለኛል፣ አይሰማም ብሎ። ልጁ ሁለት ዓመት አብሮን ሲሠራ ቃሏን ለይቷታል። አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀኝ።

የሌሊት ተረኛ፦

ምን አልሽው?

ስሜ ይቆይ፦

መጀመሪያ «ልጁን ማለቱ ነው» ልል ነበር። ዓይኑን ሳየው አልቻልኩም። ነገርኩት። ጓንቱን አወለቀና አጣጥፎ ሲንኩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። «አንቺም ስትሰሚ ነበር?» አለኝ። ያን ቀን ሳህኑን ሳይጨርስ ወጣ።

የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ… እኔም ቃሉን ስንቴ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ተመልሶ መጣ?

ስለ አንቺ ግን ቁጥራችሁ ማነሱ አያስፈራሽ። ሜሪላንድ ከሆነ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከ2019 ወዲህ ለትንኮሳ አንድ ሠራተኛ ያለውንም ቀጣሪ ይይዛል፣ ለክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ለማመልከትም 2 ዓመት አለሽ። ዲሲ ከሆነ የሠራተኛ ብዛት አይታይም፣ ግን ገደቡ 1 ዓመት ነው። የዲሲ መሥሪያ ቤቶች በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ሊያቀርቡልሽ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛ ጠይቂ፣ አትፈሪ። አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው ከሆነብሽ ደግሞ ሌላ ይምጣልኝ በይ። እኔ ብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ቀንም ጻፊው። ማን ምን እንዳለ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ።

ስሜ ይቆይ፦

ልጁ አልተመለሰም። ስልኩ አለኝ፣ ልደውልለት አስባለሁ። ጠይቁኝ ካሉ አብሬው እመሰክራለሁ።

ደብተር ገዝቻለሁ። በእንግሊዝኛ መጻፍ አለብኝ?

የሌሊት ተረኛ፦

በሚቀናሽ ጻፊ። ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ በእነሱ አድርጊው።