ከግንባር ለተመለሰ ልጅ «ሙሳሺ»ን ላንብብለት ወይስ ይቅር?

አናጺው፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ። ያለፈው ክረምት ፒያሳ መንገድ ዳር ከሚዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሀል አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ አገኘሁ። «ሙሳሺ» ይላል፤ ደራሲው ኤጂ ዮሺካዋ የሚባል ጃፓናዊ ነው። 970 ገጽ ገደማ አለው። የመጀመሪያውን ገጽ ቆሜ አነበብኩና መተው አቃተኝ። ሁለት የ17 ዓመት ልጆች ከሽንፈት በኋላ ሬሳ መሀል ወድቀዋል። ቦታው ሴኪጋሃራ የሚባል የጃፓን የጦር ሜዳ ነው፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1600። አንዱ ታኬዞ፣ ሌላው ማታሃቺ። ስም እናወጣለን ብለው ከአንድ መንደር አብረው የዘመቱ ናቸው። እንደ ምንም ተፈላልገው ይገናኛሉ።

የእህቴ ልጅ ከግንባር ከተመለሰ ዓመት ሊሞላው ነው። እግሩ ቆስሎ ነበር፣ እሱ ድኗል። ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ ነበር የሚሠራው። መሮ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን ከክፍሉ አይወጣም። እህቴ ምሳውን በሩ ሥር ታስቀምጣለች፣ ማታ ሳህኑን ታነሳለች። የመጋዝ ማሽኑ ሲነሳ ስለሚደነግጥ ወደ ሥራ ቤቱ መምጣት ተወ። ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። ከእኔ ጋር ግን ሁለት ቃል አይለዋወጥም።

መጽሐፉ ውስጥ ታኩዋን የሚባል መነኩሴ አለ። ታኬዞን ይይዝና ዛፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። በኋላ ሂሜጂ ግንብ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ከመጻሕፍት ጋር 3 ዓመት ይዘጋበታል። ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው፣ ስሙም ሙሳሺ ተብሏል። ይሄን ሳነብ የልጁ በር ፊቴ ድቅን አለ።

አሁን 300 ገጽ ላይ ነኝ። ከዚህ ሁሉ የያዘኝ የአበባው ነገር ነው። ሴኪሹሳይ የሚባል ሽማግሌ ሰይፈኛ ፒዮኒ የሚባል አበባ ቆርጦ ለሰው ይልካል። ሙሳሺ አበባውን ትቶ አገዳውን ያያል። የተቆረጠበትን ቦታ። በሌላኛው ጫፍ ራሱ ቆርጦ ያስተያየዋል፤ የሱ ቁርጥ እንደማይደርስ ያውቃል። እኔ ይሄ ገባኝ። የሰላ መሮ ያለፈበት እንጨት ያበራል፣ በጣትህ ስትነካው እንደ መስታወት ነው። የደነዘ መሮ ግን ቃጫውን ይጨፈልቀዋል፤ ዓይንህ ቢያልፈው ጣትህ አያልፈውም። ለእህቴ ልጅ ስለት ያስተማርኩት ዓይኑን አስጨፍኜ ሁለቱን እያስነካሁ ነበር።

ልጁ እንግሊዝኛው ደከም ስለሚል እያነበብኩ በአማርኛ ልነግረው አስቤያለሁ። ግን ሰይፍና ደም ያለበት ታሪክ ነው። ቁስሉን ብነካካበትስ? የጨረሳችሁት ንገሩኝ።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ወልዲያ
ወንድሜ፣ አብሽር። ከ30 ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬያለሁ፣ መጽሐፉንም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ እውነቱንና ፈጠራውን ልለይልህ፤ ልጁ «ይሄ የምር የሆነ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ሚያሞቶ ሙሳሺ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1584 አካባቢ ተወልዶ በ1645 ሞተ። ዮሺካዋ ልቦለዱን አሳሂ በሚባለው ጋዜጣ ላይ ከ1935 እስከ 1939 ድረስ በተከታታይ ነው ያወጣው። ለዚህ ነው እየቆራረጡ ለማንበብ የሚመቸው፤ ማታ ማታ ጥቂት ገጽ ይበቃል። አንተ እጅ የገባው የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1981 የወጣ ነው፤ ከጃፓንኛው አጠር ተደርጓል።

ታኩዋን የነበረ መነኩሴ ነው፤ ከሙሳሺ ጋር ስለመገናኘታቸው ግን ማስረጃ የለም። ዛፉም፣ የሂሜጂው ክፍልም ደራሲው የፈጠራቸው ናቸው። ሙሳሺን ድልድይ ጋ የምትጠብቀው ኦትሱ የምትባለው ልጅም እንዲሁ። ሙሳሺ ሴኪጋሃራ ላይ ከተሸናፊው ወገን ነበር የሚለውን ራሱ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበታል፤ ከአሸናፊዎቹ ጋር ነበር የሚሉም አሉ።

ይሄን የምልህ የ3 ዓመቱ ክፍል እንዳያታልልህ ነው። ልቦለድ ውስጥ በሩ ይዘጋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰውዬው ተለውጦ ይወጣል። እውነተኛው ሙሳሺ ስለራሱ የጻፈው ሌላ ነው። በ1643 ሬይጋንዶ በሚባል ዋሻ ውስጥ «የአምስቱ ቀለበቶች መጽሐፍ» የሚባለውን የራሱን መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። ከ13 ዓመቱ አንስቶ 30 ሳይሞላው ከ60 በላይ ግጥሚያ አድርጎ አንድም ጊዜ እንዳልተሸነፈ እዚያው ጽፏል። ወረድ ብሎ ደግሞ 30 ካለፈው በኋላ ወደ ኋላ ሲያስበው፣ ያሸነፈው ጥበቡን ጠልቆ አውቆ እንዳልነበረ ይናገራል። ነገሩ የገባው ወደ 50 ዓመቱ ገደማ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ስለዚህ እህትህን ቀን አትቁጠሪ በላት። አንድ ዓመት ገና ነው።

እኛ ቤት የሰገሌ ወሬ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ሲማረኩ የአባቴ አባት ከሠራዊቱ ጋር ነበሩ። ሌሊት እየሄዱ፣ ቀን እየተደበቁ ወሎ ገቡ። አባቴ እንደነገረኝ፣ ስለ ሰገሌ ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ በቅሏቸው ብቻ ነበር። ቀለሟ፣ አረማመዷ፣ የት ጋ እንደቀረች። እስኪሞቱ ድረስ ስለ በቅሎዋ ብቻ። ቤተሰቡም ስለ በቅሎዋ ይጠይቃቸው ነበር እንጂ ሌላውን አያነሳም።

እህት ከኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ልጁን ፈጣሪ ይማረው። እኔ ግን ላስጠነቅቅህ ነው።

አሁን ካለህበት ገጽ አልፈህ ኢቺጆጂ የሚባል ቦታ ትደርሳለህ። የዮሺዮካ ሰይፈኞች ሙሳሺን ለመበቀል በብዛት ይጠብቁታል። ለስሙ መሪ አድርገው ያቆሙት ጌንጂሮ የሚባል ልጅ ነው። ሙሳሺ ቀድሞ የሚገድለው እሱን ነው። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ለሳምንት አልከፈትኩትም። ይሄን ገጽ ልጁ ፊት ሆነህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳታነበው። ብቻህን አንብበው፣ ከዚያ ወስን።

ይሄን የምለው ከደረሰብኝ ነው። የኔም ወንድም ዘምቶ የተመለሰ ነው። አንድ ማታ ቤት ውስጥ ፊልም ከፍተን ሳናስበው አንድ ነገር መጣ። ተነስቶ ወጣ። ለሦስት ቀን ቃል አልተነፈሰም። እኔ ነበርኩ የከፈትኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ግን ሙሉ በሙሉ ተወው አልልህም። ከኢቺጆጂ በኋላ ሙሳሺ ሂኤይ ተራራ ላይ ካለ ቤተ መቅደስ ይጠጋል። እዚያ የሚያደርገው ምን መሰለህ? ለገደላቸው ሰዎች መታሰቢያ ካኖን የምትባለውን የምሕረት ምስል ከእንጨት ይቀርጻል። የተራራው መነኮሳት ሕፃን የገደለ እዚህ አይቀመጥም ብለው ያባርሩታል። ደራሲው ሙሳሺን ነጻ አላወጣውም። እኔን ወደ መጽሐፉ የመለሰኝ ይሄ ነው። እውነተኛው ሙሳሺም ከእንጨት ይቀርጽ፣ ሥዕልም ይሥል እንደነበር ልብ በል። አንተ አናጺ ነህ፣ ልጁም እጁ ያውቃል።

ካነበብክለት ከሬሳው አትጀምር። ከእሳቱ ጀምር። ታኩዋንና ኦትሱ ተራራ ላይ እሳት አንድደው የሚቀመጡበት ሌሊት አለ አይደል? ከዚያ።

የቆቦ ልጅ
ጋሼ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው ብዙ ሰው የሚዘለውን ነው። ሙሳሺ ኢዮሪ ከሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ጋር ጠፍ መሬት ላይ ሰፍሮ እርሻ ይጀምራል። ሰይፉን አስቀምጦ አፈር ይቆፍራል። ጎርፍ መጥቶ የሠሩትን ጠራርጎ ይወስደዋል። እንደገና ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ ውሃውን መታገል ትቶ ውሃው ወደሚሄድበት መሥራት እንዳለበት ይገባዋል።

እኛ ቆቦ ጎርፉን ከተራራ ሲወርድ ጠልፈን ነው ማሳ የምናጠጣው። አባቴ ፊት ለፊት የተገደበ ጎርፍ ይንደዋል፣ ሰያፍ ይዘህ ምራው ይላል። መጽሐፉ ላይ ሳነበው ለአባቴ ነገርኩት። «ጃፓንም ገበሬ አለ?» አለኝና እስከ መጨረሻው እንድነግረው አስቀመጠኝ። ስለዚህ እርስዎም ይሄን ክፍል አይዝለሉበት። ሰይፍ የለበትም፣ ሥራ ብቻ ነው።

አናጺው፣ ደሴ
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳምንት የቆየሁት መጀመሪያ ልሞክረው ብዬ ነው።

እህቴ፣ ምክርሽን ይዤ ኢቺጆጂን ብቻዬን አነበብኩት። ሥራ ቤቱን ዘግቼ፣ እንጨቱ መሀል ተቀምጬ። ልክ ነሽ፣ ለጊዜው አላነብለትም።

መምህር፣ የበቅሎዋን ነገር ለእህቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ እኮ በየቀኑ ምን ሆንክ ነው የምለው» አለች።

ትላንት ማታ በርጩማዬን ይዤ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ግባ አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም። እህቴ ጓዳ ቡና ትቆላ ነበር። መጽሐፉን ከፍቼ «አንድ ታሪክ ልነግርህ ነው፣ ካልፈለግህ ተው በለኝ» አልኩት። ዝም አለ። ጀመርኩ።

አንድ ልጅ ከጦርነት ተመልሶ አገሩ ገባ፣ አገሩ አሳደደው፣ ተራራ ሸሸ አልኩት። ወታደር ፈልጎ አጣው። አንድ መነኩሴ 3 ቀን ስጡኝ ብሎ አንዲት ልጅ ይዞ ወጣ። መሣሪያ አልያዘም። እሳት አነደደ፣ ድስት ጣደ። ልጅቱ ዋሽንት ነበራት። ቤተ መቅደስ ደጃፍ ተጥላ ስትገኝ ከሷ ጋር የነበረ ዋሽንት ነው። ነፋችው። የኛ ሰው ቢሆን አምባሰል ነበር የሚነፋው ብዬ ጨመርኩበት፤ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ከራሴ ነው። ጨለማው ውስጥ ልጁ እየተሳበ ቀረበ። መነኩሴው አልተነሳም፣ አልዘለለም። ና እሳት ሙቅ፣ ብላ አለው።

እዚህ ላይ ቆምኩ። የሚቀጥለው ማሰሩ ስለሆነ ማለፍ ፈራሁ። ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ያንን አልጋ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ የግራው እግር ላላ ብሏል። ከዚያ በሩ አጠገብ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፦

«ድስቱ ውስጥ ምን ነበር?»

ይሄን ብቻ ነው ያለው። ስልኬን አብርቼ ገጹን አገላበጥኩ፣ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አላገኘሁትም። «ፈልጌ ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። «እሺ» አለኝ።

ዛሬም ማታ እሄዳለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ገጹን ለመፈለግ ጊዜ አላገኘሁም። መጽሐፉ አጠገባችሁ ያለ፣ እባካችሁ ከ12 ሰዓት በፊት ፈልጋችሁ ጻፉልኝ።