ሸረሪቴ ጉድጓዷን ዘግታ ሰባት ሳምንት ሆናት፤ ልቆፍር ወይስ ልጠብቅ?

የምኖረው ጀርመን ነው። የማሳድጋት ኬንያና ታንዛኒያ የሚገኘውን ፔሊኖቢየስ ሙቲከስ የተባለ ትልቅ ቡናማ ሸረሪት ነው። በመስታወት ሳጥኗ ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ሞልቼላት፣ እስከ ታች ሰርስራ ቤቷን ሠራች። ከሰባት ሳምንት በፊት የጣልኩላትን ፌንጣ ሳትነካው ቀረች፤ በማግስቱ የጉድጓዱ አፍ በአፈርና በድር ተደፍኖ አገኘሁት።

ቆዳዋን ልትቀይር ስትል እንዲህ እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ መነካካት ሊገድላት እንደሚችልም እንዲሁ። ግን የታችኛው አፈር ደርቆ እንደሆነስ? በመስታወቱ በኩል የምትታየኝ አንዲት የእግሯ ጫፍ ነበረች፤ ካለፈው እሑድ ወዲህ እሷም ጠፋች።

በአንዱ ጥግ ቀስ ብዬ ውኃ ላንቆርቁርላት ወይስ እንዳለ ልተወው? ይህን ዝርያ ያሳደጋችሁ፣ ቢበዛ ስንት ሳምንት ተዘግታባችሁ ታውቃለች? እባካችሁ ንገሩኝ፤ ሌሊት ሌሊት በባትሪ ጉድጓዷን ሳይ ነው የማድረው።